የማኬይን መቶ ዓመት

በ2000 ዓ.ም. ፒያሳ፣ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የውጭ ዜና ገጽ አዘጋጅ ነበርኩ። አዘጋጅ ይባል እንጂ ሥራዬ ትርጉም ነበር። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ኦባማ ነው። አባቱ ኬንያዊ በመሆኑ እንደ ሰፈር ልጅ ነበር የምናየው። እኔማ ምን እዋሻለሁ፣ ለይቶልኝ ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ማታ፣ ገጹ ሊዘጋ ሲል ርእስ አጣሁ። ኦባማ የሪፐብሊካን ተቀናቃኙን ማኬይንን፣ የኢራቁን ጦርነት ሌላ 100 ዓመት ሊያስኬደው ነው እያለ ይነቅፈው ነበር። ወዲያው ጻፍኩ፦ «ማኬይን፦ ኢራቅ ውስጥ 100 ዓመት እንዋጋለን»።

ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ የሚከራይበት ጥግ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ርእሴን ጮክ ብለው አነበቡና «አብዷል እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አሉ። ደስ አለኝ።

ሰኞ ዋና አዘጋጃችን አስጠራኝ። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ርእሴ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ይሄን ያለው ማነው?»

«ማኬይን።»

«የት አገኘኸው?»

«ኦባማ ሲናገር...»

«ታዲያ ከከሳሹ ሰምተህ ፈረድክ?»

አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ማኬይን የተናገረው ታኅሣሥ 24፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ዴሪ በምትባል ከተማ ነው። 50 ዓመት ስለ መቆየት ሲጠየቅ «ምናልባት መቶ» አለ። ቀጥሎም ጃፓን 60 ዓመት፣ ደቡብ ኮሪያ ወደ 50 ዓመት ቆይተናል፤ ሰዎቻችን እስካልቆሰሉና እስካልተገደሉ ድረስ ቅር አይለኝም አለ። ስለ ጦር ሰፈር እንጂ ስለ ውጊያ አልነበረም።

«ግን እኮ ጋሼ፣ መቶ ብሏል።»

«ብሏል። ያለውን ሁሉ ጻፍና ንቀፈው። ኢራቅ ጃፓን ናት ወይ? በለው። እኔም አብሬህ እጠይቃለሁ።»

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሙሉው ንግግር ለመንቀፍ ይበልጥ ይመች ነበር። በዚያው መጋቢት ኢራቅ ውስጥ የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 4,000 ደርሰው ነበር። «እስካልተገደሉ» ያለው ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይመልሳል? እኔ ግን ያችን ቃል ራሴ ቆርጬ ጣልኩለት።

ማረሚያው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ወጣ። አራት መስመር። ቅዳሜ አራት ኪሎ ቆሜ ታዘብኩ፤ ሁሉም ቀጥታ ወደ ስፖርቱ ነው የሚገልጠው።

መስከረም 30 ቀን 2001 ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሌክቪል ላይ፣ አንዲት ሴትዮ ተነስታ ኦባማ አረብ ነው አለች። ማኬይን ማይኩን ተቀበላት። አይደለም እመቤት፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ ዜጋ ነው፣ የማንስማማው በመሠረታዊ ጉዳዮች ነው አላት። አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። አለቃዬ አንብቦ «አረብ ከሆነ ጨዋ አይሆንም ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ። ጽሑፉን ግን አልነካውም።

በዚያው ሳምንት ከፒያሳ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሬዲዮው የማኬይንን ስም ጠራ።

«ይሄ መቶ ዓመት እንዋጋለን ያለው ሰውዬ አይደል?» አለ ወያላው።

«እሱው ነው። ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ» አለችው አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።

«ወራጅ አለ» አልኩ። ገና ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ነበርን።