ኮዙሜል ወደብ ላይ የቀሩት አራት ሰዎች

ባለ 22 ሰው ቡድን ነበር። አብዛኞቹ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከማያሚ ተነስታ ምዕራባዊውን ካሪቢያን ሰባት ሌሊት በምትዞር መርከብ ተሳፍረዋል። ጉዞውን ያዘጋጀው የጉዞ ወኪል አንዲት ወጣት አስተባባሪ አብራቸው እንድትሄድ ልኳል። በአውቶቡስና በአውሮፕላን ቡድን ይዛ ብዙ ሄዳለች፤ በመርከብ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በሐምሌ ወር አንድ ዓርብ ዕለት መርከቧ የሜክሲኮ ደሴት በሆነችው ኮዙሜል ስትቆም 17ቱ ወረዱ። ከቀኑ 11 ሰዓት ስትነሳ አራቱ አልተመለሱም ነበር።

አራቱ በስልካቸው ሰዓት አልዘገዩም። የመሳፈሪያው መጨረሻ 10፡30 ነው፤ ወደቡ በር ላይ ሲደርሱ ስልካቸው 10፡10 ይላል። እንዲያውም ሃያ ደቂቃ ተርፎናል ብለው ከሱቁ ውሃ ሊገዙ ቆመው ነበር። በመርከቧ ሰዓት ግን 11፡10 ሆኗል፤ ገመድ ከተፈታ አሥር ደቂቃ አልፏል።

ኮዙሜል ያለችበት የኪንታና ሮ ግዛት ቱሪስቱ ማታ ላይ ረዘም ያለ ብርሃን እንዲያገኝ ብሎ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሰዓቱን ለውጧል። ማያሚ በብርድ ወራት የምትጠቀምበትን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ይዞ ይኖራል። ማያሚ ደግሞ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ድረስ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ደሴቲቱ ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ከማያሚ የሚነሱ ብዙ መርከቦች ለአንድ ቀን ቆይታ ብለው ሰዓት አይቀይሩም። ስልክ ግን የወደቡን ኔትወርክ እንደያዘ ማንንም ሳያስፈቅድ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። የታክሲው ሾፌር፣ የምግብ ቤቱ ግድግዳ፣ የአስተናጋጁ እጅ ሁሉም ከስልኩ ጋር ይስማማል። በዚህ ምክንያት ስህተቱን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

አስተባባሪዋ በዕለቱ ሌላም የሰዓት ጣጣ ነበረባት። ጠዋት ለሁሉም ያደለችው በአማርኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት «መሳፈሪያ እስከ 4፡30» ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቷ ነው። አንድ አባት አነበቡና «አሁን ሁለት ሰዓት ነው፤ አራት ተኩል ላይ ልመለስ ጉልበቴን አላደክምም» ብለው ከመርከቧ ሳይወርዱ ቀሩ። እሷም ወረቀቶቹን ሰብስባ 4፡30ን ሰርዛ በብዕር 10፡30 ጻፈች። የማን 10፡30 እንደሆነ ግን አልጻፈችም።

ከወረዱት ውስጥ ስድስቱ በመርከቧ በኩል በተሸጠ ጉብኝት ወደ ቱሉም ፍርስራሽ ሄዱ። ይህ ማለት በጀልባ በዋናው ምድር ወዳለችው ፕላያ ዴል ካርመን 45 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የቀሩት 11 ሰዎች ወደቡ ላይ ሁለት ታክሲ ተኮናትረው የደሴቲቱን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሊያዩ ወጡ። ኮዙሜል ላይ ታክሲ ቆጣሪ የለውም፤ ዋጋው በቀጠና የተወሰነ ሲሆን ሠንጠረዡ ወደቡ ላይ ተለጥፏል። እዚያ የሚጠየቀው ነገር ዋጋው በመኪና ነው ወይስ በሰው፣ ለመሄድ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ፣ በዶላር ነው ወይስ በፔሶ የሚለው ነው። የሁለቱም ገንዘብ ምልክት አንድ ስለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ አይዘለልም። አስተባባሪዋ ይህን ሁሉ በደንብ ጠይቃ ሾፌሮቹም እንዲጠብቋቸው ተስማማች። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ቆሞ ታክሲ መጥራት ስለማይቻል ልክ ነበረች። መብራትና ኔትወርክ እንደ ምዕራቡ አይደለም፤ ባሕሩም ማዕበልና ጎታች ወራጅ ውሃ ስላለው የሚዋኙበት ሳይሆን ቆመው የሚያዩት ነው።

በመጀመሪያው መኪና ከነበሩት ሰባት ሰዎች አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እጃቸው ላይ በየቀኑ የሚሞላ አሮጌ የእጅ ሰዓት አለ፤ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ በሐበሻ አቆጣጠር አስተካክለው ነው የሚያስሩት።

«ልጄ፣ ለአሥር ሃያ ጉዳይ ሆነ እኮ» አሉ።

«እማማ፣ ገና ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነው፤ ይኸው ስልኩ።»

«ስልኩን ተይው። ይቺ ሰዓት ጠዋት ከመርከቡ ስንወርድ በሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነበረች። እኔ አልነካኋት።»

ዋሽንግተንና ማያሚ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ የእማማ ሰዓት የመርከቧን ጊዜ እንደያዘ ነበር። ልዩነቱ የስድስት ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው። አስተባባሪዋ ለማጣራት የጠዋት ፎቶዎቿን ከፈተች፤ በአንዱ ላይ ከጀርባዋ የመውረጃው በር ሰዓት ይታያል። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ደሴቲቱን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ተመልሰው 10፡25 ላይ መርከቧ ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው መኪና ግን አራቱን ይዞ ለፎቶ ወደ ደቡብ ጫፍ ቀጥሎ ነበር። ብትደውል ኔትወርክ የለም።

እነዚህኞቹን ያስቀራቸው የስልኩ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሾፌሩን «ወደ መርከቦቹ ወደብ» አሉት። ኮዙሜል ውስጥ ሦስት የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ) ወደቦች አሉ፦ ፑንታ ላንጎስታ ሳን ሚጌል ከተማ መሃል ላይ ነው፤ ኢንተርናሽናል የሚባለውና ፑዌርታ ማያ ጎን ለጎን ሆነው በስተደቡብ ይገኛሉ። እሱ ከተማ ወሰዳቸው፤ መርከባቸው ፑዌርታ ማያ ነበረች። በዚያ ላይ የከተማው የዳርቻ መንገድ ከሰዓት በኋላ በቱሪስት የተጨናነቀ ነው። የወደቡን ስም ከመርከቧ ስም ጋር ጽፎ መያዝ፣ ወይም ሲወርዱ የወደቡን በር ፎቶ አንስቶ ለሾፌር ማሳየት ይህን ያስቀር ነበር።

የቱሉሞቹ ስድስት ሰዎችም ዘግይተዋል። የመመለሻ ጀልባቸው ቆይቶ 10፡50 ነው የደረሱት። መርከቧ ግን መውረጃውን ሳታነሳ ጠበቀቻቸው። በመርከቧ በኩል የተገዛ ጉብኝት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብዙዎች ለምን ከውጭ አንገዛም የሚሉት በዚህ ነው። የሚከፈልበት ዋናው ነገር ግን አስጎብኚው የሚሄደው በመርከቧ ሰዓት መሆኑና ቢዘገይ ኃላፊነቱ የኩባንያው መሆኑ ነው። ደሴቲቱ ላይ ለሚቆይ ሰው ከውጭ መግዛት ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይሻላል። ባሕር ተሻግሮ ወደ ዋናው ምድር ለሚሄድ ግን በራስ መንገድ መሄድ አይመከርም፤ ነፋስ ሲበረታ የወደቡ ሹም የጀልባ ጉዞ ያግዳል፣ የሚያሻግር አይገኝም።

መርከቧ ማን እንደቀረ ታውቃለች፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲገባ ካርዱ ይነበባል። ስማቸው በድምጽ ማጉያ ተጠራ። ምላሽ ሲጠፋ የጥበቃ ሠራተኞች ክፍላቸው ገብተው ካዝናውን ከፈቱና ያገኙትን ፓስፖርት በፖስታ አድርገው ለወደቡ ወኪል ሰጡ። ወኪሉ አራቱን በር ላይ ሲያገኛቸው ፖስታው ውስጥ ያለው ሦስት ፓስፖርት ነው። አራተኛዋ ፓስፖርቷን እንዳይሰረቅ ብላ በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር ከትታዋለች። ሠራተኞቹ ካዝና ይከፍታሉ እንጂ ሻንጣ አይበረብሩም።

ሦስቱ በማግስቱ ከደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ በራሳቸው ወጪ ተሳፍረው ተመለሱ። አራተኛዋ ባሕሩን ተሻግራ፣ የአሜሪካ ቆንስላ አገልግሎት ሰኞ እስኪከፈት ጠብቃ ጊዜያዊ ፓስፖርት ማውጣት ነበረባት። የክሩዝ ሕግ እዚህ ላይ ያዘናጋል፦ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜጋ የልደት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ይዞ መሳፈር ይችላል። በአውሮፕላን ለመመለስ ግን መደበኛው የፓስፖርት ደብተር ያስፈልጋል፤ በካርድ መልክ የሚሰጠው ፓስፖርት እንኳ አይሠራም። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ ሜክሲኮ ያለ ቪዛ የምታስገባው ሁለቱን አይታ ነው። ሌሎቹ ደሴቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ትኬት ከመቆረጡ በፊት በጉዞው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ይጣራሉ። ከቀሩት አንዱ የደም ግፊት መድኃኒቱ መርከቧ ላይ ቀርቶበት ማታውን ፋርማሲ ፍለጋ ዞሯል። የአንድ ቀን ተኩል መድኃኒት በእጅ ቦርሳ መያዝ ክብደቱ ምንም አይደለም።

የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ከዚያ በኋላ ስልክ ማስተካከልን ማያሚ ላይ፣ ሰው ሳይሳፈር የሚሠራ ሥራ አደረገው። ኤርፕሌን ሞድ ብቻውን አይበቃም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ዋይፋይ ሲያገኝ ቦታውን አውቆ ሰዓቱን ሊቀይር ይችላል። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ከዚያ ቀንና ሰዓት የሚለው ውስጥ ተገብቶ በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ቁልፍ ይጠፋል፤ ቦታው ማያሚ ተብሎ በእጅ ይመረጣል። አንድሮይድ ላይም ቀንና ሰዓት በሚለው ሥር ተመሳሳዩ አለ። ከስልኩ ጋር የተገናኘ የእጅ ሰዓት ስልኩን ስለሚከተል እሱም መታየት አለበት። ሲወርዱ ደግሞ ስልክን ከመውረጃው በር ሰዓት ጋር አስተያይቶ ማለፍ ነው።

ኮዙሜል ብቻዋን አይደለችም። ጃማይካና ግራንድ ኬይማን ሰዓት ስለማይቀይሩ በሐምሌ እንደ እሷው ከማያሚ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ቤሊዝና የሆንዱራሷ ሮአታን ሁለት ሰዓት ይዘገያሉ። ቤሊዝ ሲቲ ላይ ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ርቃ ትቆምና ተሳፋሪ በአነስተኛ ጀልባ ይመላለሳል፤ እዚያ የሚቆጠረው መርከቧ የምትነሳበት ሳይሆን የመጨረሻዋ ጀልባ የምትወጣበት ሰዓት ነው። ባሃማስ ከማያሚ ጋር አብራ ትቀይራለች። ከቴክሳሷ ጋልቨስተን ለሚነሳ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፦ በሐምሌ ከኮዙሜል ጋር እኩል ሲሆን በጥር ኮዙሜል በአንድ ሰዓት ትቀድመዋለች።

ወረቀቱም ተሻሻለ። «በመርከቧ ሰዓት ከቀኑ 10፡30፣ በፈረንጅ 4፡30፣ ወደቡ ፑዌርታ ማያ» የሚል ሆነ፤ ከሥሩም በትልቁ «ቀኑን ሙሉ በመርከቧ ሰዓት ብቻ ተመሩ» ተብሎ ተጻፈበት። ወረቀቱ ሁለት ጉዞ በሰላም ሠራ።

በጥር ሌላ ቡድን ከማያሚ ወደ ምሥራቃዊው ካሪቢያን ሄደ። መርከቧ የማያሚን ሰዓት እንደያዘች ሴንት ማርተን፣ ፊሊፕስበርግ ላይ ቆመች። በጥር ያቺ ደሴት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስምንት ሰዎች ከአንድ የአካባቢው ሰው ጋር ለጠዋቱ 3፡30 በካታማራን (መንትያ አካል ባለው ጀልባ) ለመጓዝ ተቀጣጥረው ገንዘቡን ቀድመው ከፍለዋል። በወረቀቱ መሠረት፣ በመርከቧ ሰዓት 3፡20 ላይ ተሰብስበው ጀልባው መነሻ ላይ ደረሱ። የጀልባው ሰው ቀጠሮ የሰጠው ግን በደሴቲቱ ሰዓት ነበር፤ ከወጣ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል፣ ገንዘቡንም አልመለሰም። አሁን ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ፦ ለመመለስ የመርከቧ ሰዓት፣ ደሴቲቱ ላይ ለተያዘ ቀጠሮ የደሴቲቱ ሰዓት፣ በሁለቱም ጎን የሐበሻው።