ከደብሊን ወጥቶ የአየርላንድን ገጠር በእግር

ደብሊን ለሚኖር ሐበሻ «ገጠር ወጣ እንበል» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ግሌንዳሎክ ነው። እውነትም መጀመሪያ መታየት ያለበት ቦታ ነው። ከከተማው ባስ አለ። ሁለት ሐይቆች አሉት። ቅዱስ ኬቨን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋው ክብ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። እኔም የጀመርኩት እዚያው ነው። ግን ፀሐይ በወጣችበት ቅዳሜ ሰዉ አያላውስም።

ገጠሩን የምር የወደድኩት ታዋቂዎቹን ቦታዎች ትቼ ካርታ ማንበብ ስጀምር ነው። የአገሪቱ የካርታ መሥሪያ ቤት የሚያሳትመው ዲስከቨሪ የሚባል ካርታ አለ። መጠኑ 1፡50,000 ስለሆነ ካርታው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ጥንታዊ የሆነ ነገር ሁሉ በቀይ ተጽፎበታል፤ የድንጋይ ክበብ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ጸበል፣ ክብ የአፈር ምሽግ። የመንግሥት የቅርስ ካርታ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። እሱን ስትከፍቱት አገሩ በሙሉ በቀይ ነጥብ ተሞልቶ ታያላችሁ።

አካሄዴ ቀላል ነው። አንድ ቀይ ነገር እመርጣለሁ። አንድ ብቻ። ከዚያ በአቅራቢያው ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ መኖሩን አያለሁ። ምልክቱ አጭር እንጨት ላይ ያለ ቢጫ የሚራመድ ሰው ነው፤ ከጎኑ ቀስት አለ። የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ረጅም መንገድ በ1980 የተከፈተው ዊክሎ ዌይ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብሊን ጫፍ፣ ማርሌይ ፓርክ ከሚባል መናፈሻ ይነሳል። ሁሉንም መሄድ ግዴታ የለበትም፤ ቆርጦ ቆርጦ መሄድ ይቻላል።

ቶሎ ማወቅ ያለባችሁ ነገር የመሬቱን ጉዳይ ነው። እዚህ አገር በሰው ማሳ ላይ እንደልብ የመሄድ መብት የለም። ብዙዎቹ መንገዶች የሚያልፉት በገበሬው ፈቃድ ነው። ስለዚህ በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፤ ተከፍቶ ካገኛችሁት እንደተከፈተ ተዉት። ጥጃ ያላት ላም ካያችሁ ዞር ብላችሁ እለፉ። ውሻ ይዞ መግባት ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ በተለይ በግ ባለበት። ቀዩ ነጥብ ምልክት ከሌለው ማሳ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የገበሬውን ቤት አንኳኩቶ መጠየቅ ነው። እኔ ስጠይቅ እምቢ ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም ከካርታው የበለጠ ያስተማሩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ኪልኬኒ ገጠር ውስጥ አንድ አዛውንት ጋ እንዲህ ብዬ ሄድኩ። ከቤታቸው በላይ ክብ የአፈር ምሽግ ነበር። እንዲህ ያሉ ምሽጎች በአየርላንድ በአሥር ሺህዎች ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ገበሬዎች ቤታቸውንና ከብታቸውን ያጠሩባቸው ናቸው። ቦታው ላይ ስትደርሱ ዛፍ የበቀለበት ክብ የአፈር ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። አዛውንቱ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው አብረውኝ ወጡ። አባታቸውም አያታቸውም በዚያ ምሽግ ላይ ማረሻ አላሳረፉም። በመካከሉ ሆቶርን የሚባል እሾሃማ ዛፍ አለ፤ እሱንም ማንም አይቆርጠውም፣ የማይታዩት ባለቤቶቹ ይቆጣሉ ይባላል። የእኛን አገር አድባር ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ብዙ ምሽጎች እስከ ዛሬ የተረፉትም በዚህ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዝም አሉ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ልጆቻቸው ትሮካራ የሚባለው የእርዳታ ድርጅት በዐቢይ ጾም የሚያድለውን የካርቶን ሣጥን ከትምህርት ቤት ይዘው መጥተው፣ ሳንቲም በሳንቲም እንደሞሉት ነገሩኝ። ቀጥለው በእጃቸው ማዶ ያለውን ኮረብታ አሳዩኝ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ስለነበር ሣሩ ሥር ጎን ለጎን የተሰመሩ መደቦች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ድንች የተተከለባቸው የድሮ መደቦች ናቸው። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ የደሴቲቱ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። እስከ ዛሬ እዚያ ቁጥር ላይ አልተመለሰም። እኔና እሳቸው እዚያ ቆመን ብዙ አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ ግን የትም ኮረብታ ስወጣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ እንዲሆን አደርጋለሁ። ቀትር ላይ መደቦቹ አይታዩም።

አሁን ስለ ሙን ልንገራችሁ። ሙን በኪልዴር አውራጃ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ በፈረሰ ገዳም ግድግዳ ውስጥ፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ዕድሜው ከሺህ ዓመት በላይ ነው። ድንጋዩ ጠንካራ ግራናይት ስለሆነ ቀራጩ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ሐዋርያቱ አራት አራት ሆነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሰውነታቸው አራት ማዕዘን፣ ፊታቸው ክብ፣ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ ነው። ዳንኤል በሰባት አንበሶች መካከል አለ። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ቢላዋ ይዟል። አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ አሉ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ አለች። ዞር ስል ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅን እሳቱ ውስጥ አገኘኋቸው። ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤልን እያነገሥን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገንም።

በጣም ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት መነኮሳት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ዳቦ ሲቆርሱ ተቀርጿል። አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ናቸው። ቁራ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣላቸው የነበሩት አባ ጳውሊ፣ እንጦንስ ሊጎበኛቸው የመጣ ቀን ሙሉ እንጀራ እንደመጣላቸው የሚተርከው ታሪክ ነው። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ታሪክ በዚህ ዝናባማ አገር ድንጋይ ላይ! የአየርላንድ ጥንታዊ መነኮሳት የግብፅን አባቶች እንደ ምሳሌ ያዩ ነበር፤ በሌሎች መስቀሎች ላይም እነዚሁ ሁለቱ ተቀርጸዋል። እኔ እዚያ ከሰዓት በላይ ቆየሁ። በአንድ ቀን አምስት ቦታ ለመሯሯጥ ብወጣ ኖሮ ፎቶ አንስቼ እሄድ ነበር። አንድ ብቻ ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀላልና ሜዳማ መንገድ ለምትፈልጉ፣ ከልጆች ጋር ለምትሄዱም፣ የባሮውን ወንዝ እመክራለሁ። ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግረኛ መንገድ ነው። ከሁሉም የምወደው ከግሬግናማና እስከ ሴንት ማሊንስ ያለውን ነው። ሣር ላይ ነው የሚሄዱት፤ ግራና ቀኙ ጫካ ነው። መነሻው ላይ በ1204 የተመሠረተ ትልቅ ገዳም አለ፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገለግላል። መድረሻው ላይ ቅዱስ ሞሊንግ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ገዳምና ጸበል አለ። በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ ሲመጣ ከየአቅጣጫው ሰው ወደዚህ ጸበል እንደጎረፈ አንድ የኪልኬኒ መነኩሴ በዘመኑ ጽፏል። ዛሬም በየዓመቱ ጁላይ ላይ ሰዉ ይሰበሰባል። እኔም ተጠመቅሁበት ባልልም ፊቴን ታጥቤ፣ አማትቤ ነው የወጣሁት። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ መመለሻ ባስ እዚያ ጠብቆ አይገኝም። ወይ በመጣችሁበት መንገድ በእግር ትመለሳላችሁ፣ ወይ መኪና ቀድማችሁ ታስቀምጣላችሁ።

ስለ ትራንስፖርት ካነሳሁ፣ በየገጠሩ ሎካል ሊንክ የሚባሉ ትንንሽ ባሶች አሉ። ጠቃሚዎች ናቸው፤ ግን እሁድ ብዙዎቹ ቁጥራቸው ይቀንሳል ወይም ጭራሽ የሉም። የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ አትውጡ። የፀሐይንም ሰዓት እንዲሁ። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል፤ በጁን ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ብርሃን ነው። ጂንስ አትልበሱ፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብዳል። ውሃ የማያስገባ ጫማና ጃኬት ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ረጅም ሣር ውስጥ ከሄዳችሁ ማታ ሰውነታችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ ላይም የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። የምትሄዱበትን ለአንድ ሰው ንገሩ። ተራራ ላይ ችግር ከገጠማችሁ 112 ደውላችሁ የተራራ ነፍስ አድን ብላችሁ ጠይቁ። ስንቅ? ቆሎ። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በጾምም ይሆናል።

ዝናቡ አላስወጣ ካለ ደግሞ ደብሊን ኪልዴር ጎዳና ወዳለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ሂዱ። በ2006 በቲፐረሪ ረግረግ ውስጥ አንድ የቁፋሮ ማሽን ሠራተኛ ያገኘው የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ እዚያ አለ። ወደ 1,200 ዓመት ይሆነዋል። የቆዳ ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ የተገኘው ፓፒረስ ነው፤ ያ የግብፅ ተክል። ሙን ላይ አባ እንጦንስን ካያችሁ በኋላ ብታዩት ይመረጣል። መግቢያው በነጻ ነው። እሁድ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ስለሚከፈት ከቅዳሴ መልስ ይደርሳል።