የት አገኘሽው?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያቱ ይሄ ነው የምለው ነገር የለም። ዝናቡ ይሆናል። ሥራ ቦታም የተለየ ነገር አልነበረም። ማታ ቤት ስገባ ስለዚህ ስለከበደኝ ነገር ትንሽ ልጻፍ ብዬ ነበር።

ትንሿ ልጄ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ የቤት ሥራ ትሠራለች። «የኢትዮጵያን ትልቅ ተራራ ስምና ከፍታ ጻፉ» ይላል። ስልኬን ተቀበለችኝ። ሻዬ ሳይበርድ መለሰችልኝ። ራስ ዳሸን፣ 4,550 ሜትር። ደብተሯን ዘጋች።

«የት አገኘሽው?» አልኳት።

«ስልክ ላይ።»

«ስልክ ላይ የት?»

«እንዴ ማሚ፣ ስልክ ላይ ነዋ!»

አልተቆጣኋትም። የሚያስቆጣም ነገር የለውም፤ የተጠየቀችውን መልሳለች። ግን ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። የእትዬ ነው፣ የልጅነቴ ትምህርት ቤት የላይብረሪ ኃላፊ። እሳቸውን ካሰብኳቸው ስንት ዘመኔ!

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ 1988 ዓ.ም.። ላይብረሪያችን ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ ክፍል ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት ባለመስታወት ቁም ሳጥን። በቃ። እትዬ ሰማያዊ ጋዋናቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆማሉ። «እጅ!» ይላሉ። መዳፋችንን ዘርግተን እናሳያለን። የቆሸሸ ካለ ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ክፍላችን ውስጥ ከስልሳ በላይ ስለነበርን አንድ ላይ አንገባም። አሥራ አምስት አሥራ አምስት እየሆንን ነው። ተራዬ የደረሰ ቀን ቁርስ አይወርድልኝም ነበር።

ቁም ሳጥኖቹ አይቆለፉም። ይሄ ትልቅ ነገር መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኋላ የገባሁባቸው ላይብረሪዎች በሙሉ መጽሐፍ የሚሰጡት በባንኮኒ በኩል ነበር። ርዕሱን ትናገራለህ፣ ከውስጥ ያመጡልሃል። ርዕሱን የማታውቅ የአሥር ዓመት ልጅ ታዲያ ምን ብላ ትጠይቅ? እትዬ «ግቡና ንኩ» ነበር የሚሉን። ነክተን፣ ገልጠን፣ ሥዕሉን አይተን፣ ካልጣመን መልሰን እናስቀምጣለን። ከቦታው ካልመለስነው ግን ጉድ ነው። የተሳሳተ ቦታ የገባ መጽሐፍ የጠፋ መጽሐፍ ነው፣ ይሉ ነበር።

ቦታውን የምናውቀው በቁጥር ነው። በየመጽሐፉ ጀርባ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ዱዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አከፋፈል መሆኑን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ለእኛ የቤት ቁጥር ነበር። ወፎች 598 ላይ ይኖራሉ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963። እስካሁን የትም ላይብረሪ ስገባ እግሬ መጀመሪያ የሚወስደኝ ወደ 963 ነው። ሰፈሬ የደረስኩ ይመስለኛል።

ግማሹ መጽሐፍ በእርዳታ የመጣ እንግሊዝኛ ነበር። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛውን ገና እየቆጠርን ነው የምናነበው። ለልጅ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ገጹ ከመነካት ብዛት ሳስቷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ላይብረሪ ውስጥ ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣቱ አንገብግቦት እንደተነሳ ሳነብ ያ ቁም ሳጥን ነው ትዝ ያለኝ። ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት 1995 ነበር። እኔ ያኔ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ቢሆንም በልጆቹ ቀናሁ።

እትዬ ጥያቄ ሲጠየቁ አይመልሱም። ይሄ በጣም ያናድደኝ ነበር። እንደሚያውቁት ከፊታቸው ይታወቃል እኮ! ብቻ ወደ ቁም ሳጥኑ በአገጫቸው ያሳያሉ። ከዚያ ከመዳፍ የማትበልጥ ቁራጭ ወረቀት ይሰጡናል። ሦስት መስመር አላት። የጠየቅሁት። ያገኘሁበት፣ መጽሐፉና ገጹ። ገና ያላወቅሁት።

ሁለተኛዋ መስመር ባዶ ከሆነች ወረቀቱን አይቀበሉም። «የት አገኘሽው?»

እኔም እንደ ትንሿ ይሄው የተራራ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። መጀመሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መግለጥ ጀመርኩ። እትዬ መጡና መጨረሻው ላይ ያለውን የስሞች ዝርዝር አሳዩኝ። በሀሁ ተራ ነው የተደረደረው። ሀሁን ማን አያውቅም? ግን የምናውቀው በዜማ ነው፤ ከመሀል መጀመር አንችልም። «ደ» የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ ከ«ሀ» ተነስቼ ሁሉንም በሹክሹክታ ዘመርኩት። ዳሸን የለም። «ምናልባት በማዕረጉ ይሆናላ» አሉኝ። ወደ «ረ» ተመለስኩ። ራስ ዳሸንም የለም። ራስ ደጀን የሚል ግን አለ።

ስሙ ሁለት ነው ማለት ነው። መጽሐፉ 4,620 ሜትር ይላል። አስተማሪያችንም ክፍል ውስጥ ያሉት ይሄንኑ ነው። ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። እትዬ ግን ትልቁን አትላስ አውርደው አጠገቤ አስቀመጡልኝ። አትላሱ ላይ ዳሸን ነው የሚለው፣ ከፍታውም 4,543።

ልቤ ድንግጥ አለ። መጽሐፍ ይሳሳታል እንዴ?

«የቱን ልጻፍ እትዬ?»

«ሁለቱንም ጻፊ። የቱን የት እንዳገኘሽው ግን እንዳትረሺ።»

ጻፍኩ። የኅብረተሰብ አስተማሪያችን ወረቀቴን ሲያዩ 4,543ቷን በቀይ አከበቡ። ቀጥሎ ከሥሯ የአትላሱን ገጽ አዩ። ዝም አሉ። በዕረፍት ሰዓት ላይብረሪው በር ላይ አየኋቸው። ወረቀቴን ይዘዋል፣ እጃቸው በጠመኔ ነጭ ሆኗል። እትዬ ለሳቸውም «እጅ!» አሉ። አስተማሪያችን ቧንቧው ጋ ሄደው ታጥበው ተመለሱ። ሁለቱ አትላሱ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ በመስኮት አየሁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። የሰሌዳው ጽሑፍ ሊለወጥ እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛዋ መስመር ላይ የጻፍኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። «ተራራ በምን ይለካል? ማን ለካው?» የእሷን መልስ ስፈልግ የካርታ መጽሐፍ ተዋስኩ። ከካርታው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ ዋልያ፣ ከዋልያ ወደ ቀይ ቀበሮ። ሰኔ ደረሰ። አንብቢ ያለኝ ሰው የለም።

አሁንም ቁጥሩ አልተስማማም። ትንሿ ከተኛች በኋላ ስልኩን ራሴ አየሁት። አንዱ 4,550 ይላል፣ አንዱ 4,533። አንዱ ዳሸን፣ አንዱ ደጀን። እሷ ያየችው ከላይ የመጣውን ብቻ ነው። በስልክ አልፈርድም፤ እትዬ ቢኖራቸው ኖሮ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እሳቸው ይሆኑ ነበር። ግን አትላሱን አውርዶ ከስልኩ አጠገብ የሚያስቀምጥላት ሰው ማን ነው? እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ትምህርት ቤቷ ላይብረሪ አለው። ላስመዘግባት የሄድኩ ዕለት አስጎብኝተውናል። ወንበሮቹ ላስቲካቸው አልተላጠም ነበር። መጽሐፉም ከእኛ ዘመን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ነው የገቡት። የቀረውን ጊዜ በሩ እንደተቆለፈ ነው። «ለምን ይቆለፋል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መጽሐፍ እንዳይጠፋ፣ አሉኝ። ያን ቀን ቸኩዬ ስለነበር ዝም ብዬ ወጣሁ። በ2014 አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ይዣትም ሄጃለሁ። ግን አራት ኪሎ በየቀኑ አይኬድም። የልጅ ጥያቄ ደግሞ እስከ ቅዳሜ አይቆይም። ከክፍሏ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ያለው በር ነው መከፈት ያለበት።

እትዬ የት እንዳሉ አላውቅም። በሕይወት ካሉ ሰማንያን አልፈዋል። ስማቸውን ሙሉ ለሙሉ እንኳ አላውቀውም፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው።

አሁን የትንሿን ደብተር ከፈትኩት። 4,550 ሜትር። ከሥሯ ሁለት ባዶ መስመር አለ። ጠዋት ከመውጣታችን በፊት አሥር ደቂቃ ብናገኝ ሌላኛውን ቁጥር አሳያታለሁ። እኔ ራሴ ዓርብ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ሁለት ሰዓት ያህል ትምህርት ቤቷ ላይብረሪ ውስጥ ብቀመጥ የሚከለክለኝ ይኖራል? በሩ ላይ ቆሜ «እጅ!» ብልስ? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው ያለው?