ሣጥኑ መዝፈን የለበትም

ቪትዝ የሚነዳው ልጅ ስፒከሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደሚያቅፉት አቅፎ ነው ወደ ሱቄ የገባው። በመጋዝ ብናኝ የተሸፈነውን ጠረጴዛ በክንዴ ጠረግ አደረግሁለትና አስቀመጠው። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው አራት ማዕዘን የሆነ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ ባሱን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ወጣ። መሃሉ ላይ የነበረው የፋብሪካ ስም ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ክቡን ጣልኩት» አለኝ። «የክብ ድምፅ ይንከባለላል። ይሄኛው ግን ይመታል። ሣጥኑንም እንደ እሱ ጥግ ጥጉ ሹል አድርገው ይሥሩልኝ።»

ከጎኔ ባለው ክፍል የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ካቻቢቴውን እንደያዘ መጣ። ስለ ድምፅ ክርክር ሲነሳ ሥራ የሚፈታ ሰው ነው። «ድምፅ ቅርጽ የለውም» አለ ገና ከበሩ። ልጁም «ታዲያ ይህን ያህል ብር ያወጣሁት ለምንድን ነው?» አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ አናጢ ነኝ። አዳማ ውስጥ ቁም ሣጥን፣ አልጋና የወጥ ቤት መደርደሪያ እየሠራሁ 22 ዓመት ሆኖኛል። የስፒከር ሣጥን የጀመርኩት ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የሚኒባስ ረዳት «ቁም ሣጥን ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ይከብዳል» ብሎ ስለገፋፋኝ ነው። ከበደኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ልብስ ነው። የስፒከር ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው አየር ነው፤ አየር ደግሞ እንደ ልብስ ታጥፎ ዝም አይልም።

ለልጁ ካርቶን ላይ ሁለት ነገር ሣልኩለት፤ ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብና ጎኑ 30 የሆነ አራት ማዕዘን። የክቡ ስፋት 707 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል፣ የአራት ማዕዘኑ 900። ልዩነቱ 27 ከመቶ ነው። በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ቦታ ላይ ይህን ያህል ተጨማሪ አየር የሚገፋ ወረቀት አገኘህ ማለት ነው። ወረቀት ስል ፕላስቲክም ብረትም ቢሆን ያን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ክፍል ማለቴ ነው። ሁለቱ እኩል ርቀት ከተመላለሱ አራት ማዕዘኑ በድምፅ ከፍታ መለኪያው ሁለት ዴሲቤል ያህል ይበልጣል። በአምፕሊፋየር ጉልበት ቢታሰብ 100 ዋቱን ወደ 160 የማሳደግ ያህል ነው። ስለዚህ ልጁ ገንዘቡን ውኃ ውስጥ አልጣለም። የገዛው ግን ስፋት እንጂ ሹል ድምፅ አይደለም። በዚህ ቅርጽ በጣም የሚታወቀው ኪከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ለገዢው የሚያቀርበው መከራከሪያ ይኸው የስፋት ሒሳብ ነው። በአሮጌ ኮሮላዎች የኋላ መስኮት ሥር የምናያቸው ሞላላዎቹ 6 በ9 ስፒከሮችም የመጡት ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ቦታው ጠባብና ረጅም ስለሆነ ክቡን ወደ ጎን ጎተቱት።

ጥጉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ወረቀቱን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል በሁለቱም ስፒከሮች ክብ ነው፣ መሃል ላይ ነው ያለው። ከመሃል እስከ አራት ማዕዘኑ ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ ጥጉ ግን 21። መሃሉ ሲገፋ ጥጉ ዘግይቶ እንዳይከተል፣ እንዳይታጠፍም፣ ወረቀቱን በጀርባ አጥንት ማጠንከር ያስፈልጋል። የልጁን ስፒከር ገልብጬ በጣቴ ስዳስሰው ከመሃል ወደ አራቱ ጥጎች የሚሄዱ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መስመሮች አገኘሁ። ዙሪያውን የያዘው ጎማም እንዲሁ ነው። በክቡ ላይ ጎማው በየአቅጣጫው እኩል ይለጠጣል፣ በጥግ ላይ ግን አንዴ ይጨማደዳል አንዴ ይወጠራል። ከበሮ ሠሪዎቻችን ቆዳውን በክብ አፍ ላይ የሚወጥሩት አራት ማዕዘን መቁረጥ አቅቷቸው አይመስለኝም።

ጎረቤቴ በዚህ ጊዜ ፊቱ በራ። የረታ መስሎት ነበር። እኔ ግን ገና ወደ ሣጥኑ አልደረስኩም።

ስለ ሣጥን ቅርጽ ሰው የማይጠይቀኝ ነገር የለም። አንዱ የልብ ቅርጽ አሠርቶኛል። ሌላው ያመጣልኝ ሥዕል ቁርጥ አስከሬን ሣጥን ስለነበር መልሼ ሰድጄዋለሁ። «ሹል ይሁን፣ ክብ ይሁን፣ ድምፁ እንዲህ ይሆናል» የሚለውን ክርክር የጨረስኩት ባለፈው ዓመት የክረምት ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ነው። ከተረፈኝ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ከሚሠራው ጣውላ፣ ሁለት ሣጥን ሠራሁ። አንደኛው ከውስጥ በየአቅጣጫው 35.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ፣ ሁለተኛው ከኋላ ወንበር ጋር እንዲገጥም አንድ ጎኑ ያዘመመ፦ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 36፣ ጥልቀቱ ከላይ 16 ከታች 26። ሁለቱም 45 ሊትር ናቸው። አንዱን ክብ ስፒከር እያፈራረቅሁ፣ መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ እያስቀመጥኩ፣ ጎረቤቴን በነጠላ ዓይኑን አስሬ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አሥር ጊዜ ገመተ፤ አምስቱን ሳተ። ሳንቲም ወርውሬ ብጠይቅም ከዚህ አልከፋም።

ምክንያቱን ያስረዳኝ እዚሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 40 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ባስ እንግዲህ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት ኮሮላ ተከታትለው የቆሙ ያህል። እንዲህ ያለ ሞገድ 60 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ ጥግ አለ የለም ብሎ አያይም። በዚያ ሣጥን ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ መታገል የሚጀምረው ከ280 ሄርዝ በላይ ነው፣ ሰብዉፈሩ ደግሞ ከ100 በላይ ያለውን ለሌሎቹ ስፒከሮች ትቷል። ስለዚህ ስፒከሩ የሚሰማው የአየሩን መጠን ነው፤ ስንት ሊትር እንደሆነ።

ይህን ሊትር የሚባል ነገር የተማርኩት ደግሞ በኪሳራ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ 70 ሊትር፣ አየሩ በቱቦ ወደ ውጭ የሚተነፍስበት ባለ ቀዳዳ፣ ቀዳዳውም 35 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ባስ እንዲያጎላ የተቃኘ ሣጥን ነበር። 50 በ40 በ35፤ በቃል እንኳ የሚሰላ ነው፣ ልክ 70። ቆርጬ፣ በኮላና በብሎን አጥብቄ፣ ሞኬት አልብሼ አስረከብኩ። ልጁ በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ ጉሮሮውን የታነቀ ይመስላል» ብሎ መለሰው። ልኬቱን የወሰድኩት ከውጭ ነበር! የእንጨቱን ውፍረት ከሁሉም ጎን ስቀንስ ውስጡ 53 ሊትር ነው የቀረው። ማግኔቱና የቀዳዳው ቱቦ የሚይዙት ቦታ ሲነሳማ ከዚያም ያንሳል። አየሩ ሲያንስ ቅኝቱ ወደ ላይ ሸሽቶ ከ40 ሄርዝ አልፏል። ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ፣ ውኃ በተጨመረ ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥነው ማለት ነው። እንጨቱን ከኪሴ ገዝቼ እንደገና ሠራሁለት። ቁም ሣጥን በውጭ ልኩ ይሸጣል፤ የአንድ አናጢ እጅ ለዓመታት ወደ ውጭ ሲለካ ኖሮ በአንድ ቀን ወደ ውስጥ መዞር አይሆንለትም።

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ቀጥ ያለ ካልሆነ በቆሎ እሰፍርበታለሁ። ይህን ያመጣሁት አንድ ሰው በመለዋወጫ ጎማው ጉድጓድ ቅርጽ በፋይበር የተሠራ ሣጥን አምጥቶ «ስንት ሊትር ነው?» ሲለኝ ነው። ጠመዝማዛ፣ አንድም ቀጥ ያለ ጎን የለው። ባለቤቴን ለምኜ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ከቤት አመጣሁ፣ በአንድ ሊትር ጆግ እየሰፈርኩ በስፒከሩ አፍ ገለበጥኩበት። 41 ጆግ ያዘ። ሥራው ጥሩ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ባለመኪናው ተመልሶ «ውስጡ ጸናጽል ገብቷል» እስኪለኝ ድረስ። አንዲት ፍሬ በቆሎ ናት። ባስ በመታ ቁጥር ትዘል ነበር። አሁን በቆሎውን ስመልስ ሣጥኑን ዘቅዝቄ ጀርባውን እደበድባለሁ።

ዝግ ለሆነው ሣጥን ሌላ ፈተና አለኝ፣ ይሄኛውን ደግሞ ከቡና ነው የወሰድኩት። ዝግ ሣጥን ውስጥ አየሩ እንደ ስፕሪንግ ይሠራል፤ ስፒከሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ይገፋዋል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ይስበዋል። ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን አሠራር ለቤት ስፒከር ሲያቀርብ ትናንሽ ሣጥኖች ወፍራም ድምፅ ማውጣት ጀመሩ። አየሩ የሚያመልጥበት ስንጥቅ ካለ ግን ስፕሪንጉ ላላ። ስለዚህ ዝቅ ያለ ድምፅ ከፍቼ፣ የዕጣን ማጨሻውን በየመጋጠሚያው በዝግታ አዞራለሁ። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። እንደ ፈራ ሰው ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ካለ እዚያ ጋ ሲሊኮን ይገባል። አዳማ ነፋስ ስለማያጣት ይህን የማደርገው በሩን ዘግቼ ነው፤ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ጠንቋይ ቤት ይመስለዋል።

ቅርጹ በእርግጥ የሚያስጨንቀኝ ቦታ አንድ ነው፦ ሰፊና ጠፍጣፋ ጎን። መሰንቆ አራት ማዕዘን ነው፣ ክራር ክብ ነው፣ ሁለቱም የሚያዜሙት አካላቸው ከገመዱ ጋር ስለሚርገበገብ ነው። የስፒከር ሣጥን ግን መዝፈን የለበትም። ስፒከሩ ይዝፈን፣ ሣጥኑ ዝም ብሎ ይያዘው። ሰፊውን ጎን በስስ ኮምፔንሳቶ የሠራ ሰው ሳያውቅ መሰንቆ ሠርቷል። በእጄ ጀርባ አንኳኩቼ «ዱብ» ካለ እቀበላለሁ፣ «ድው» ብሎ ከቆየ በውስጡ ከግድግዳ ግድግዳ ተሻጋሪ እንጨት አስገባለሁ። ትንሹና ጠባቡ ጎን ይህን አይፈልግም፣ ጎባጣው ደግሞ ከጠፍጣፋው በራሱ ይጠነክራል። የሣጥን ቅርጽ ለድምፅ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቪትዙ ልጅ ልመለስ። ሹል ጥግ የሚለውን አልሠራሁለትም። ከኋላ ወንበሩ ጋር የሚተኛ አንድ ጎኑ ያዘመመ ሣጥን ሠራሁ፣ ስፒከሩን የገጠምኩበት የፊት ሰሌዳ ሁለት ድርብ ነው። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስቆርጥ ጥጎቹን መጀመሪያ በመብሻ ክብ አድርጌ በሳሁ፤ ሹል ጥግ ካለ እንጨቱ የሚሰነጠቀው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስናስገባው መጀመሪያ ፊቱ ወደ ወንበሩ ነበር። ልጁ ሰምቶ ከንፈሩን ጣለ። ወደ ኋላው በር አዞርነው። እንጨቱ ያው፣ ስፒከሩ ያው፣ አምፕሊፋየሩ ያው፣ ባሱ ግን ሞልቶ ወጣ። ጎረቤቴ ይህን ሲያይ ስለ ክብና አራት ማዕዘን የተናገረውን ሁሉ ረሳ። ትንሽ መኪና ውስጥ ከ70 ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ድምፅ የተዘጋው ክፍል ራሱ ያሳድገዋል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሣጥኑ የት እንደተቀመጠና ወዴት እንዳየ በጣም ይለዋወጣል። ሰዎች ለቅርጽ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ሣጥናቸውን ቢያዞሩ ግማሹን ሥራዬን ባጣም ይሻላቸዋል።

ከሳምንት በኋላ መጣ። በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆ ሲሄድ ባሱ ይጠፋበታል፣ ከተማ ሲገባ ደግሞ ከኋላ ነገር ይንጫጫል። የመጀመሪያው መድኃኒት የለውም፤ የጎማና የአስፋልት ድምፅ ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ባሱን ይሸፍነዋል። ለሁለተኛው ከኋላ ቆሜ እጄን በየቦታው ጫንኩ። ታርጋው ነበር። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ከጀርባው አስገባሁና ብሎኑን አጠበቅሁት።

ሊሄድ ሲል ከኋላ ወንበሩ ላይ ያንኑ ብርድ ልብስ አነሳ። ክብ ነገር ተጠቅልሎበታል።

«ጣልኩት አላልክም ነበር?»

«ለወንድሜ ባጃጅ ነው፣ ጋሼ። ከወንበሩ ሥር 22 ሊትር ቦታ አለ።» ትንሽ ቆየና «ከውስጥ ነው የለካሁት» አለኝ።