«4ኬ ነው» ብቻ አትበሉኝ

እኔ ድሮን አላበርም። አብራሪዎች ቀርጸው ያመጡልኝን የምቆርጥና የምገጣጥም ኤዲተር ነኝ፤ ሥራዬ በአብዛኛው ሰርግና ማስታወቂያ ነው። ካርዱን የሚያቀብለኝ ሁሉ አፉን የሚፈታው «4ኬ ነው» በማለት ነው፤ ምስሉ ወደ ጎን አራት ሺህ ገደማ ነጥብ አለው ማለቱ ነው። ይሁን። እኔ ግን ፋይሉን ከፍቼ አስቀድሜ የማየው ቢትሬቱንና ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ ስንት ምስል ወይም ፍሬም እንደተቀረጸ) ነው።

ቢትሬት ካሜራው በየሰከንዱ ካርዱ ላይ የሚጽፈው የመረጃ መጠን ነው። ለምሳሌ የዲጄአይ ማቪክ ኤር 2 ድሮን ጣሪያ በሰከንድ 120 ሜጋቢት ነው። በ25 ፍሬም ከተቀረጸ ለአንዱ ፍሬም በአማካይ እስከ 4.8 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ በ60 ከሆነ ግን 2 ብቻ። ደሞዙ ያው ነው፣ ቤተሰቡ በዛ። ሒሳቡ እንዲህ ደረቅ አይደለም እርግጥ፤ በ60 ሲቀረጽ ተከታታይ ፍሬሞች ይበልጥ ስለሚመሳሰሉ ትንሽ ቁጠባ አለ። ጉድለቱን ግን አይሞላውም።

ጉዱ የሚወጣው ጤፍ ማሳ ላይ ነው። ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም፤ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዝና በመካከል የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ጥርት ያለ ሰማይ ላይ የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ትንሽ ቢትሬት ይበቃል። የደረሰ ጤፍ ንፋስ ሲያወዛውዘው ግን እያንዳንዱ ዘለላ በየፍሬሙ ቦታ ይቀይራል፤ ድሮኑ ዝቅ ብሎ በፍጥነት ሲያልፍበትማ ጭራሽ ይብሳል። ያኔ ዘለላው ከዘለላው ሳይለይ ይደበዝዛል፤ ድሮኑ ቆሞ ንፋሱም ጋብ ሲል መልሶ ይጠራል። ቀለሙን ላስተካክል ስነካው ደግሞ ተደብቀው የነበሩ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቅ ይላሉ። 4ኬነቱ እዚህ ላይ ምንም አላዳነኝም። ኤች 265 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ከቀድሞው ኤች 264 ይልቅ በዚያው ቢትሬት የተሻለ ዝርዝር ይይዛል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ያንገዳግዳል፣ የእኔን ጨምሮ።

60 ፍሬም አያስፈልግም አላልኩም። የጢስ ዓባይን ውሃ በዝግታ ማሳየት ከፈለጋችሁ በ60 ቅረጹ፤ በ25 ሳጫውተው 2.4 ጊዜ ይዘገያል። ለተራራና ለከተማ እይታ ግን ምን ያደርጋል?

«እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው» የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሸተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ነው። በቀትር ፀሐይ ካሜራው በራሱ ሲወስን ሸተሩ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በላይ ይፈጥንና እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ኤንዲ ፊልተር (ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ግጠሙና 25 ፍሬም፣ ሸተር አንድ ሃምሳኛ አድርጉ። መብራታችንም 50 ኸርዝ ስለሆነ ማታ ላይ የመብራት ብልጭታ አያስቸግራችሁም።

ሌላው ቴሌግራም ነው። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጨምቆት ነው የሚደርሰኝ፤ እንደ ፋይል ላኩት። በነጻው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል፤ በ120 ሜጋቢት ለተቀረጸ ክሊፕ ይህ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ካርዱን ይዛችሁ ኑ።