አሮጌ ላንድክሩዘር 80 ይዤ ከደንገጎ ዳገት እስከ ባቢሌ ጭቃ

መጀመሪያ የገዛሁላት መብራት ነው፣ ከዛ ፖርቶመጋላ፣ ከዛ ደሞ ከፍ እንድትል ሞላዎቿ ጋ የሚገባ ስፔሰር። ሶስቱንም በአንድ ወር ውስጥ አስገጠምኩና ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር አቁሜ ሳያት እውነት ለመናገር ልቤ ሞላ፣ ስንት አመት የተመኘኋት መኪና ነች። በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ሀረር ልወጣ ተነሳሁ፣ መንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት ሳልጨርስ ግን ከኮፋኖው ስር እንፋሎት እየወጣ መንገድ ዳር ቆምኩ።

መኪናዋ የ1993 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላንድክሩዘር 80 ነች። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የለውም፣ ካምቢዮው ማንዋል። ፊትም ኋላም ድፍን አክስል በሞላ ላይ የተቀመጠ ነው። አንድ ድርጅት በጨረታ ሲያስወግዳት ከገዛት ሰውዬ ነው የገዛኋት። ያስፈለገችኝ ደሞ አጎቴ ከባቢሌ ወረድ ብሎ ለውዝ ስለሚያመርት ነው፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሳይወጣ ወደሱ ማሳ የሚያስገባው መንገድ ጭቃና ገደል ይሆናል፣ አይሱዙ ሳይገባ ሳምንት ያልፋል፣ እቃም በሽተኛም እዛው ይቀመጣል። አጎቴ "አንተ ልጅ መኪና ከገዛህ እኛ ጋ የምትደርስ ግዛ" ብሎኝ ነበር።

ወደ ደንገጎ ልመለስ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎን አልፈህ ወደ ሀረማያ ስትጠጋ 2,000 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ፣ ይሄን ሁሉ የምትወጣው በአጭር ርቀት እየተጠማዘዝክ ከፊትህ ተሳቢ እያቃሰተ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ደሞ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ1,000 ሜትሩ አስር ከመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚ የበለጠ ትረግጣለህ፣ በረገጥክ ቁጥር የበለጠ ይሞቃል። እኔ አይኔ ጌጁ ላይ ነበር፣ መርፌዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላለች፣ ሰላም ነው ብዬ ቀጠልኩ፣ ከዛ ጉልበቱ ሞተ ሞተ አለና መርፌዋ በአንዴ ወደ ቀዩ ዘለለች። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የዚህ መኪና የሙቀት ጌጅ ሹፌሩ እንዳይረበሽ ተብሎ መሃል ላይ እንዲቆም የተሰራ ነው፣ ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 100 ዲግሪ መርፌዋ ያው ቦታዋ ላይ ነች። ስትንቀሳቀስ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ወርጄ ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላዬ ፍሬን ይዞ ወረደና ጮኸብኝ። "አቦ ተው! ፊትህን ልትቀቅል ነው እንዴ?" እጄን ያዘኝ። ጀሪካን ውሃ ነበረው ግን እሱንም አልሰጠኝም፣ "አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመርክባት የሞተሯን ራስ፣ ቴስታታዋን፣ ትሰነጥቃታለህ፣ ቁጭ በል" አለኝና አብሮኝ ቁጭ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጭነት ይዞ የሚሄድ ሰው ነው፣ ሰዓቱን ለኔ ሰጠኝ፣ እስካሁን ሳስበው እጅ እነሳዋለሁ። በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ ብለን ከፈትን፣ ውሃውን ሞላን፣ አስነስተን አየን፣ ራዲያተሩ ውስጥ የሚፍለቀለቅ አረፋ የለም፣ ቴስታታውንና ሞተሩን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተርፏል ማለት ነው። እዛው ዞሬ ወደ ድሬ ወረድኩ።

ራዲያተር የሚሰራው ሰውዬ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሞተሩን አሙቆ አጠፋና መዳፉን ራዲያተሩ ላይ እያስኬደ ዳሰሰ። "ና አንተም ንካ" አለኝ። ላይኛው ክፍል ያቃጥላል፣ ታች በግራ በኩል ደሞ የሁለት መዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ለብ ያለ ብቻ ነው። እዛ ጋ ውሃ አይዞርም። ላይኛውን ጣሳ በሳልዳ ፈቶ ሲከፍተው ቱቦዎቹ አፍ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፣ ልክ እቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው። የድሬ ልጅ ይሄን ነጭ ነገር ያውቀዋል፣ ውሃችን ከመሬት ስር ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ጠጣር ውሃ ነው፣ የምንጠጣው ይሄው ነው፣ ስንት አመት ሙሉ መኪናዋም የጠጣችው ይሄው ነው። ከዛ ቴርሞስታቱን ልናይ ስንፈታ ቤቱ ባዶ። ድሬ ሙቀት ስለሆነ አውጥቶ መጣል የተለመደ ነገር ነው፣ እኔም ልክ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ግን አስረዳኝ፣ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ይከፍታል፣ በዛው ልክ ሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል፣ ካወጣኸው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ስለዚ ለሙቀት ብለህ ያወጣኸው ነገር ዳገት ላይ መልሶ ያሞቅሃል።

ራዲያተሩ ውስጡ ተቀየረ፣ አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ አዲስ ክዳን ገባ። ክዳኑን እንዳትንቁት፣ 2,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከዛ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይዘህ ደንገጎን መውጣት ድስት ከፍቶ እንደመጣድ ነው። ውሃውን ደሞ በዲስቲልድ ውሃና በኩላንት ግማሽ በግማሽ አደረኩት፣ ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ግን ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ሙቀቱንም ከፍ ያደርጋል። ቁጥር የሚያሳይ የሙቀት ጌጅም አስገጠምኩ። ለዚች መኪና ካወጣሁት ብር ሁሉ በደንብ የከፈለኝ እሱ ነው፣ አሁን ደንገጎ ላይ 94፣ 95 ሲል አያለሁ፣ ኤሲ አጠፋለሁ፣ ማርሽ ቀንሼ ቀስ እላለሁ፣ ይወርዳል።

ከዛ መሪው። ያን ቀን ወደ ድሬ ስወርድ መሪው እጄ ላይ ቀሎ ነበር፣ ከጥምዝ ስወጣ ራሱ ወደ ቀጥታ አይመለስም፣ በየሰከንዱ ማረም ነበረብኝ፣ በደንገጎ ቁልቁለት ይሄ ቀልድ አይደለም። ምክንያቱ ስፔሰሩ ነው። የ80 የፊት አክስል ሻንሲውን የያዘው በሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው፣ አካሉን 5 ሴንቲ ከፍ ስታደርገው ክንዶቹ ወደታች ያዘቀዝቁና አክስሉን ትንሽ ያሽከረክሩታል፣ ጎማው መሪ ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ዘንግ ወደኋላ ማጋደሉ፣ ካስተር የሚሉት፣ ይቀንሳል። የሳይክል የፊት ሹካ ወደኋላ ያጋደለ ስለሆነ አይደል እጅህን ለቀህ የምትነዳው፣ ሹካውን ቀጥ ብታቆመው ትወድቃለህ፣ ይሄም እንደዛ ነው። ስፔሰሩን አውጥቼ ጣልኩትና ትክክለኛ 5 ሴንቲ ከፍ የሚያደርግ ሞላ፣ የሚመጥን ሾክ፣ ካስተሩን የሚመልስ ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ያለ ጎሚኒ (ክንዱ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ) አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ አስፈለግኩ። ጎሚኒውን የጨመቀልኝ የድሬ ቶርኖ ቤት ነው። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ነው እዚህ የደረሰው፣ ከተማዋም የተወለደችው በዛው ነው፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ብረት የሚያውቅ ሰው ከዚህ ከተማ ጠፍቶ አያውቅም። የቶርኖው ሽማግሌ እድሜያቸው አባቴን ይሆናሉ፣ ድሬ ግን አንቱታ ብዙም አይወድም፣ ራሳቸው ናቸው አንተ በለኝ ያሉኝ። "ጋሼ በቃ ጨምቀው" ስለው መጀመሪያ ክንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ "አቦ ቀስ በል፣ ይሄ በተቃራኒው ከገባ ከበፊቱ ትብሳለች" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቀዳዳው የሚፈቀቀው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

መኪና ከፍ የምታደርጉ ሌላ አንድ ነገር እዩ፣ ሻንሲውን በክሪክ አንሱና ጎማው ሙሉ ለሙሉ ይንጠልጠል፣ ከዛ የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦ ንኩት። የኔ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። ድንጋይ ላይ አንድ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ይበጠስ ነበር፣ ረዘም ያለ አስቀየርኩ።

ፊት ጎማ ውስጥ ያለውን ስራ ራሴ ነው የሰራሁት፣ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ብቻ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ድሬ ላይ ብረት አይነካም፣ ከሰዓት ደሞ በርጫ ነው ረዳት አታገኝም። የድሮ ድፍን አክስል ያላቸው ቶዮታዎች ሁሉ የሚያውቁት ችግር አለ፣ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው ትልቅ ኳስ መሳይ ብረት ውስጥ ሲቪው፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው መገጣጠሚያ፣ በግራሶ ተቀብሮ ነው የሚኖረው፣ ዘይት የሚይዘው ላስቲክ፣ የውስጠኛው ፓራኦሊዮ፣ ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ይገባና ግራሶውን ያቀልጠዋል፣ ጥቁር ሾርባ ሆኖ በጎማው ውስጠኛ ፊት ይንጠባጠባል። የኔ ግራው በኩል እንደዛ ነበር። ሲፈታ ሾርባው ወደ አንድ ሊትር ይወጣል፣ ሳፋ አስቀምጡ። ፓራኦሊዮ፣ መጥረጊያ ላስቲክ፣ ላይና ታች ያሉት ኩሽኔታዎች፣ ሁሉም በአንድ ኪት ይመጣሉ፣ ግራሶው ሞሊ የሚባለው መሆን አለበት። የተቸገርኩት የኩሽኔታውን ጥብቀት መለካት ላይ ነው፣ የመሪውን ክንድ በሞላ ሚዛን ስቦ ለማንቀሳቀስ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ማየት ነው፣ እኔ ጋ እንደዛ አይነት ሚዛን የለም። ቀፊራ ገበያ ለውዝ የምትሸጥ አንዲት እናት ጋ ሄጄ ተንጠልጣይ ሚዛኗን ለአንድ ጠዋት ለመንኳት፣ "ለምንህ ነው ልጄ" አለችኝ፣ "ለመኪና ጎማ ነው እማ" አልኳት፣ ሰጠችኝ፣ ጠርጌ መለስኩላት። ስስበው ግራውና ቀኙ አንድ አይነት ኪሎ እስኪያሳየኝ ድረስ ማስተካከያ የሚገባውን ስስ ብረት፣ ሺሙን፣ አራት ጊዜ ቀያየርኩ።

ጎማ 285/75 አር 16 ነው የገባሁት፣ ከዛ በላይ ለዚህ ሞተር ይከብዳል። ግን ከጎማው መጠን ይልቅ ነገሩ ያለው ውስጡ ባለው ንፋስ ነው። ወደ ሽንሌ በኩል ደረቅ አሸዋ ወንዝ ውስጥ ገብቼ ተለማመድኩ፣ በ36 ፒኤስአይ ንፋስ ስገባ ሃያ ሜትር ሳልሄድ እስከ አክስሏ ተቀበረች፣ አካፋ አወጣሁ፣ ምናምን፣ ከዛ አራቱንም ወደ 18 አወረድኩና በዛው አሸዋ በሁለተኛ ማርሽ ምንም ሳትጮህ ወጣች። የጎማው እግር ይሰፋል ማለት ነው፣ ግመል አሸዋ ላይ የሚሄደው በምን ሆነና። ከ15 በታች ግን አላወርድም፣ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል፣ አስፋልት ስትወጡ ደሞ ሳትሞሉ አትሩጡ፣ በዚህ ሙቀት ላይ ተጨማሪ ሙቀት ነው፣ ይፈነዳል። ትንሽ ኮምፕረሰር ከባትሪ የሚሰራ ግዙ። ለእሾህ ግን ንፋስም ኮምፕረሰርም መልስ የለውም፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ እሾህ ንፋሱ የወረደ ጎማን ጎን ይበሳል፣ የጎን ቀዳዳ ደሞ ጎሚስታ አይደፍነውም፣ ስለዚ እሱ በበዛበት ትንሽ ንፋስ እጨምራለሁ።

አሸዋ ወንዝ ካልኩ አይቀር፣ ክረምት ላይ እባካችሁ እዛ ውስጥ መኪና አታቁሙ። ሰማዩ ድሬ ላይ ጥርት ብሎ ዝናቡ ደንገጎ ላይ ከጣለ ጎርፉ ይመጣል። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ከተማ ነን። ተራራው ከጠቆረ ያን ቀን ልምምድ የለም፣ እኔ ጋ ይሄ ድርድር የለውም።

ለውሃ ያደረኩት ትንሽ ነገር የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻ በጎማ ቱቦ አስረዝሜ ሞተሩ ጋ ከፍ አድርጌ ማሰር ነው። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውሃ ይስባል፣ ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል። የአየር ፊልትሮ ደሞ ከአቧራ ጉዞ በኋላ ሁሌ እፈታለሁ፣ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነገር ከታየ አቧራ እያለፈ ነው፣ ሞተር እየተበላ ነው። አንዴ ታየ፣ የቤቱ ላስቲክ ተጣጥፎ ነበር፣ አስተካክዬ ጠርዙን ስስ ግራሶ ቀባሁት።

ባለፈው መስከረም አጎቴ ደወለልኝና "ሚስትየው አሟታል፣ መንገዱ ተዘግቷል" አለኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ከድሬ ወጣሁ፣ ደንገጎ 92፣ ሀረር ናፍታ ሞላሁ፣ ባቢሌ ሲነጋ ደረስኩ። ከአስፋልቱ ስወርድ ጎማውን ወደ 22 አወረድኩና በፎር ዊል ሎው ገባሁ። ሁለት ቦታ ወርጄ በእግሬ አይቼ ነው ያለፍኩት፣ አንዱ ጋ ሁለት ወጣቶች ድንጋይ ደርድረውልኛል። አክስቴን ከኋላ ወንበር አስተኝተን ስንመለስ ሞላው ሳይንቀጠቀጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማኛል፣ እሷም "ደርሰናል ወይ?" ስትል አስፋልቱ ላይ ነበርን። ሀረር ሆስፒታል ስንደርስ ገና ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው፣ አሁን ደህና ነች፣ ለውዟን ራሷ ትለቅማለች።

መብራቶቹ አሁንም አሉ፣ ፖርቶመጋላውን ግን ሸጥኩት፣ ከላይ ክብደት ነው። የቀረኝ የታይሚንግ ቺንጋ ነው፣ ይሄ ሞተር በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየርለታል፣ ከተበጠሰ ቫልቮላውን ያጣምመዋል፣ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ደሞ ወረቀት የለም። ቺንጋውና ማስወጠሪያው ቤት መጥተዋል፣ ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ።