ላፕቶፕ ስንገዛ የማናየው ጥርስ

የእህቴ ባል ቢቸና ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ፣ ቁመናው የቱንም ያህል ቢያምር ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይጠይቅም። ባለፈው ጥቅምት፣ ከጤፍ ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲመጣ ግን፣ ላፕቶፕም የሚታይ ጥርስ እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። ነጋዴው ለአባትና ለልጁ «ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ከአይ ፋይቭ ይበልጣል» አላቸው፤ እነርሱም የዋጋውን ልዩነት ጨምረው ከፈሉ።

ማታ ቤቴ ይዘውት መጡ። ከኪቦርዱ በታች ያለው ተለጣፊ ጠርዙ ተልጦ «አይ 7» የሚለው ብቻ ይነበባል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ሙሉ ስም ሳይ አይ 7-7500ዩ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ስንሞክርም ኮምፒውተሩ መስፈርቱን እንደማያሟላ የሚገልጽ መልእክት መጣ። ልጁ «ጋሼ፣ አይ ሰቨን አይደል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእርሱ ጥያቄ ነው።

በፕሮሰሰሩ አምራች በኢንቴል አሰያየም ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር መጀመሪያው ጄኔሬሽኑን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ትውልድ ያመለክታል፤ ስለዚህ 7500ዩ ሰባተኛው ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ ከተፎካካሪው ከኤኤምዲ በኩልም የመጀመሪያዎቹን የራይዘን 1000 ፕሮሰሰሮች ከዝርዝሩ ውጪ አድርጓል። ከዚህ በላይ የቆጨኝ ግን የኮሮቹ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚካፈሉት ክፍሎች፣ ነገር ነው። አይ 7-7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ሲሆን፣ በዓመቱ የወጣው አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ቤተሰቡ የሚበልጠውን ትተው ለሚያንሰው ጭማሪ ከፈሉ ማለት ነው።

ከሁለት ወደ አራት የተዘለለበትን ጊዜ ሳስብ የኤኤምዲ ነገር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ኤኤምዲ ስምንት ኮር ያለውን ራይዘን 7 1800ኤክስ በ499 ዶላር ሲያወጣ፣ የኢንቴል ስምንት ኮር አይ 7-6900ኬ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮችም ሆኑ ለተራው ገዢ የሚቀርቡት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ኮራቸው የጨመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ፉክክሩ ያመጣው ይመስለኛል። ይሁንና በእኛ አካባቢ ገዢው ኤኤምዲ ሲባል «ይግላል» ይልና ወደ ኢንቴል ያልፋል። ይህ ከድሮ ሞዴሎች የተረፈ ስም ነው፤ የራይዘን ላፕቶፕ በተሻለ ዋጋ ያገኘ ሰው በዚህ ወሬ ብቻ ባይተወው እመክራለሁ።

አዲስ ዊንዶውስ በወጣ ቁጥር ቅሬታ መሰማቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኮምፒውተር ያዘገያል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተጠልቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ከቀድሞው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በ2009 ወደ ወጣው ዊንዶውስ 7 ተሻገረ። እኔ ግን ቪስታን በክፉ ብቻ ላነሣው አልችልም፤ ምክንያቱም ለዩኒኮድ (ለዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት) አማርኛ የሚሆነው ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው በእርሱ ነው። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሲቀር ያየ ሰው፣ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ያውቃል። ለአንዱ ገዢ ሸክም የሆነው ለሌላው ቋንቋውን ይዞለት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ግን የስታርት ቁልፉን ማንሣቱ ለማንም የጠቀመ አይመስለኝም።

የዊንዶውስ 11 ቅሬታ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቪስታን ያልወደደ ሰው በኤክስፒ ለዓመታት መቆየት ይችል ነበር፤ የኤክስፒ ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነውና። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ የሚቀርበት የደኅንነት ማሻሻያው ነው፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ግቢ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ችግሩን ላያየው ይችላል፤ ሸክሙ የሚወድቀው እንደ እኛ ያገለገለ ዕቃ በሚገዛው ላይ ነው።

ላፕቶፑን ለመቀየር ወደ ሱቁ ብንመለስም ነጋዴው አልተቀበለንም። ስለዚህ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍተን፣ ሴቲንጉ ባክአፕ እንዲደረግ ፈቅደን፣ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2026 የሚቆየውን ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ያለ ክፍያ አስመዘገብንለት። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት እንጭንለት ይሆናል፤ ሁለት ኮርም ቢሆን ለጽሑፍና ለንባብ አያንስም።

የእህቴ ባል ወደ ቢቸና ሊመለስ ሲል የጎረቤቱ ልጅም ላፕቶፕ ልትገዛ እንደሆነ ነግሮኝ፣ ምን ማየት እንዳለባት በወረቀት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። «ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በ8፣ በ9 ወይም (ከአሥረኛው ትውልድ ወዲህ) በ1 የሚጀምር ይሁን፤ ተለጣፊውን ሳይሆን ኮምፒውተሩን አስከፍተሽ እዪ» ብዬ ጻፍኩለት። ሁለት ጊዜ አስነብቦኝ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።